መሪጌታና ሁለት መቶው ፈረስ

ተረትና ምሳሌውን ያወረሱን አባቶቻችን ከፍጥነት ጋር የቆየ ቂም የነበራቸው ይመስለኛል። እስቲ እናንተው አስቡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ። እንቁላል እንኳ በእግሩ የሄደው ቀስ በቀስ ነው። ለቸኳይ የሚቆም አንድ ጠበቃ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር አውቶቡስ ስነዳ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን በዚህ አልተከፋሁም፤ እንዲያውም ተመችቶኛል። ተሳፋሪው «አያ ሙሉ፣ ምነው ተኛህሳ!» ሲለኝ ከነዚያ ተረቶች አንዱን ወደ ኋላ እወረውርለትና ማርሼን ቀንሼ ዳገቴን እያያዛለሁ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ «አንድም ሰው ያልገጨ፣ አንድም ማኪና ያልቀደመ» ብለው ሸኙኝ። የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ሁለተኛው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

እንግዲህ በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚምዘገዘግ ነገር በሸራ ተሸፍኖ የተቀመጠው በእንዲህ ያለ ሰው ግቢ ውስጥ ነው።

ያመጣችው የእህቴ ልጅ ትርሲት ናት። እህቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ከመሪጌታ ልሳነወርቅ የወለደቻት አንዲት ልጅ። መሪጌታ ከጎንደር አድባራት በአንዱ ማኅሌት የሚመሩ፣ ሲቆሙ እንደ ዋርካ፣ ሲቆጡ እንደ ሐምሌ ሰማይ የሆኑ ሰው ናቸው። ልጅቱ አዲስ አበባ ተምራ መሐንዲስ ሆናለች፤ አባትዬው የሚያውቁት እስከዚህ ነው። እኔ የማውቀው ጥቂት አለፍ ይላል፤ ምክንያቱም በዓል በደረሰ ቁጥር ወደ አባቷ ቤት ከመግባቷ በፊት የጎንደር መግቢያ ፀዳ ላይ፣ እኔ ቤት፣ ጎራ ትላለች። መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት በዚያ ዓመት ግን እንደ ወትሮዋ አልመጣችም። መጀመሪያ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ውሻዬ አልጋ ሥር ገባ። ከዚያ ትርሲት መጣች።

«አያ፣ በሩን በሰፊው ክፈተው!»

ከፈትኩት። የገባውን ነገር ሞተር ሳይክል ብዬ ብጠራው ደስ አይለኝም። ሞተር ሳይክል እናውቃለን፤ የገጠር ጤና ባለሙያ የሚሄድበት፣ ከኋላው ሁለት ሰውና አንድ ፍየል የሚጫንበት። ይህ ሌላ ነው። አፍንጫውን ወደ መሬት የደፋ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ጅራቱ ሽቅብ የተሰቀለ፤ ቆሞ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል ቀይ ፍጥረት። መሪው ዝቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ነጂው ይሰግድበታል እንጂ አይቀመጥበትም። ሱፐርባይክ ነው የሚባለው አለችኝ። ከየት እንዳገኘችውና ደመወዟ እንዴት እንደበቃት አትጠይቁኝ፤ እኔም አልጠየቅኋትም፤ አጎት የሚወደደው በማይጠይቀው ነው።

የጠየቅሁት ሌላ ነው። «ስንት የፈረስ ጉልበት አለው?»

«ወደ ሁለት መቶ።»

«ክብደቱስ?»

«ሁለት ኩንታል ገደማ።»

ቁጭ አልኩ። እኔ ስነዳው የኖርኩት አውቶቡስ ስድሳ ሰው፣ ከነጓዙ፣ ከነበጉ፣ ከነዶሮው ጭኖ ከዚህ ያነሰ ፈረስ ነበረው። በሁለት ኩንታል ገብስ ላይ ሁለት መቶ ፈረስ መጥመድ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስሉት። ድሮ ሁለት መቶ ፈረስ ያሰለፈ ሰው አገር ይገዛ ነበር። አሁን አንዲት የመሪጌታ ልጅ በቁልፍ ታስነሣዋለች።

በጎንና በጎኑ ትንንሽ ክንፎች አሉት። «ለመብረር ነው?» ስላት ሳቀችብኝ። «እንዳይበር ነው እንጂ! በጣም ሲፈጥን የፊት ጎማው ከመሬት መነሣት ይፈልጋል፤ ነፋሱ ክንፎቹን ወደ ታች ሲጫናቸው ግን አስፋልቱን ይዞ ይቀራል።» ይህን ነገር ለብዙ ቀን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ክንፍ አብቅሎ መሬት ለመያዝ! ሹመት ባገኙ ማግስት ክንፍ የሚያበቅሉ ስንት ሰዎች አውቃለሁ መሰላችሁ፤ የእነሱ ግን የሌላኛው ዓይነት ነው።

ውድድሩን ደግሞ በስልኳ አሳየችኝ። የዚህ ዓይነት ሞተሮች ብቻ የሚፎካከሩበት የዓለም ሻምፒዮና አለ፤ ደንቡም ሸጋ ነው፤ የሚወዳደረው ሞተር ለገበያ ከሚሸጠው ጋር የአንድ እናት ልጅ መሆን አለበት። ትርሲት የያዘችው ሞተር እኅቶች ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደራርቡ የኖሩ ናቸው። ጋላቢዎቹ ኩርባ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጋድመው በጉልበታቸው፣ አንዳንዴም በክንዳቸው፣ አስፋልቱን ይፍቃሉ። «ወደቀ!» ብዬ ጮህኩ። «አልወደቀም፣ እየታጠፈ ነው» አለች። እንዲያ ያለ መታጠፍ በሕይወቴ አላየሁም። እኔ ኩርባ ስታጠፍ አስቀድሜ ጥሩምባ እነፋለሁ፣ ቀጥሎ አማትባለሁ፣ በመጨረሻ ነው መሪዬን የማዞረው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጎንደር ላይ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ምንም» አለች በቅንነት። «አንደኛ ማርሽ ብቻውን ትራፊክ ፖሊስ ከሚፈቅደው በላይ ይሄዳል።»

ስድስት ማርሽ አለው። አምስቱ ለጌጥ ናቸው።

ችግሩ ግን ማርሹ አልነበረም፤ አባቷ ነበሩ። መሪጌታ ብስክሌት ሲነዳ ያገኙትን ተማሪ «ዳዊት እግር እየተወራጨ አይደገምም» ብለው ከጉባኤ ያስወጡ ሰው ናቸው። አንዲት ልጃቸው፣ ያውም የሟች ሚስታቸው አደራ፣ በደረቷ ተኝታ በዚህ ነገር ከአዲስ አበባ ዓባይን ተሻግራ መምጣቷን ቢሰሙ ምን እንደሚሆኑ መገመት አልቻልንም፤ መገመትም አልፈለግንም። «አያ፣ አባዬ እንዳይሰሙ» አለችኝ። ሸራ አመጣሁ። ሸፈንነው። እሷም በባጃጅ፣ በትሕትና፣ ወደ አባቷ ቤት ገባች።

በዓሉ በሰላም አለፈ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ነው፣ አባትና ልጅ እኔ ቤት ምሳ ተጠሩ። መሪጌታ በግቢው ሲያልፉ ሸራው አጠገብ ቆም አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ወፍጮ ነው» አልኩ። «የተበላሸ ወፍጮ።»

ትርሲት መሬት መሬት አየች። መሪጌታ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ገቡ።

ገና ማዕዱ ተባርኮ እጃችንን ሳንሰድ ስልኬ ጮኸ። መሪጌታ ስልክ ስለማይዙ የሚፈልጋቸው ሰው የሚደውለው ወደ እኔ ነው። ደዋይዋ ከአምባ ጊዮርጊስ የመምህር ቀጸላ ሚስት ነበሩ፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። መምህር ደክመዋል፤ ሳንባቸውን ይዟቸው ሰነበተ፤ ዛሬ የንስሐ አባታቸው ሊያቆርቧቸው ሲመጡ መምህር «ከልሳነወርቅ ጋር ሳልታረቅ አልቀበልም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «እባክህ አያ፣ መሪጌታ ይድረሱለት። ቂም ይዞ እንዳይሄድብኝ።»

ይህን ጠብ ላስረዳችሁ። መምህር ቀጸላና መሪጌታ ልሳነወርቅ በአንድ የኔታ እግር ሥር ያደጉ፣ ኮቾሮ ተካፍለው የበሉ፣ አንድ ደበሎ የለበሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ንግሥ፣ ሕዝብ ሞልቶ፣ መምህር ቀጸላ አንዲት ቃል ላይ ድምፃቸውን ሲያወርዱ መሪጌታ መቋሚያቸውን ከመሬት አጋጭተው አስቆሟቸው። በዜማው ምልክት መሠረት ድምፁ ተንቀጥቅጦ መውረድ አለበት የለበትም ነው ክርክሩ። ሁለቱንም ዜማ ደጋግመው አሰምተውኛል። ማርያምን፣ ልዩነቱ አልተሰማኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንዱ ባለበት ቅዳሴ ሌላው አይቆምም።

የሰማሁትን ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ከዚያ ተነሡ፤ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እሄዳለሁ።»

«በምን?» አልኳቸው። በዚያ ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ፣ የከተማው ማኪና ሁሉ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። ጠዋት መናኸሪያውን አይቼው ነበር፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

«በእግሬ።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ የሚንቋቋ ሰው ናቸው። ከፀዳ አምባ ጊዮርጊስ ከተማውን አቋርጦ፣ ወለቃን አልፎ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ነው። አልቀለዱም። በሩ ጋ ደርሰዋል። ያን ጊዜ ትርሲት ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ደግሞ ሸራውን አየሁት።

«አያ» አለች ቀስ ብላ፣ «ወፍጮውን ግለጠው።»

ገለጥኩት። ፀሐይ ነበረች፤ ቀዩ ነገር እንደ ፍም አበራ። መሪጌታ ዞር አሉ። አንድ ጊዜ ዞሩት። ክንፉን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። የጭስ መውጫ ማርሚታውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው አባዬ» አለች ትርሲት። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር፤ ዓይኗ ግን አልተሰበረም።

ግዝት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ልቅሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቢያንስ ቢያንስ አንድ ጥቅስ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። መሪጌታ ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ሰሜን አዩ፣ ወደ ልጃቸው አዩ።

«መቋሚያዬን የት አደርገዋለሁ?» አሉ።

መቋሚያውን በነጠላቸው ጀርባቸው ላይ አሰርንላቸው። የከበደው የጥምጥሙ ነገር ነው። ትርሲት አንድ ትርፍ ሄልሜት ነበራት፤ ሄልሜት ግን በጥምጥም ላይ አይገባም፤ መሪጌታ ደግሞ በሰው ፊት ራሳቸውን ገልጠው አያውቁም፤ እኔ እንኳ የእህቴ ባል ሆነው ፀጉር ይኑራቸው አይኑራቸው አላውቅም። ሄልሜቱን ተቀብለው ከጓሮ ዞሩ። ሲመለሱ ጥቁሩ ሄልሜት ራሳቸው ላይ ተደፍቷል፤ ጥምጥማቸው በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልሎ ብብታቸው ሥር ነው። ፊታቸው አይታይም፤ ነጭ ጺማቸው ብቻ ከሥር ተንጠልጥሏል። የኋላው መቀመጫ የመዳፍ ያህል ናት፤ ሠሪዎቹ ሰው ይቀመጥባታል ብለው ያሰቡ አይመስሉም። እንደምንም ወጡ። የልጃቸውን ወገብ ያዙ። መቼም ነፍስ ካወቀች ወዲህ አቅፈዋት የሚያውቁ አይመስለኝም።

ሄዱ። ውሻዬ ከአልጋ ሥር ወጣ። ግቢው ጭር አለ።

ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የመጣው። እናንተ ያን መንገድ እንደ መንገደኛ ታውቁት ይሆናል፤ እኔ ግን እያንዳንዷን ኩርባ በስሟ አውቃታለሁ፤ የት ላይ ጠጠር እንደሚፈስ፣ የት ላይ ጉም እንደሚያደፍጥ፣ የት ላይ በሬ እንደሚያቋርጥ። ቤቴ ቁጭ ብዬ መንገዱን በልቤ ነዳሁት፤ በየኩርባውም ገደልኳቸው። ወለቃ ላይ ገደልኳቸው። ቆሶዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ሁለት ጊዜ ገደልኳቸው። ለእህቴ ነፍስ ምን ብዬ እንደምመልስ ማሰብ ስጀምር ተነሥቼ ወጣሁ። አስፋልት ዳር ቆሜ በእጄም በባርኔጣዬም ስለምን፣ ባዶ ጆንያ ጭኖ ለእህል አምባ ጊዮርጊስ ወዳለችበት ወደ ወገራ የሚሄድ አንድ የጭነት ማኪና ቆመልኝ።

ሾፌሩ ደግ ሰው ነው። በየቦታው መስኮቱን እያወረደ ይጠይቅልኛል። ወለቃ ላይ «አዎ፣ አንድ ቄስ በቀይ ሞተር አለፉ» አሉን። ዳገቱ ወገብ ላይ «ሁለት ቄሶች ነበሩ፤ አንዱ ፊት የላቸውም» ተባልን። ቆሶዬ ስንደርስ ብርድ ልብስ የተከናነቡ አሮጊት «እኔስ ድምፁን ስሰማ ታቦት መስሎኝ ተነሥቼ ሰገድኩ» አሉን። ከዚህ በላይ ብንሄድ ኖሮ ወደ ሰማይ ዐርገው ነበር።

አምባ ጊዮርጊስ መግቢያ ላይ ሰው ተሰብስቧል።

መንገድ ላይ የኖረ ሰው ሕዝብ ሲሰበሰብ ከአቋቋሙ ያውቃል። የገበያ ሰው ተበታትኖ ነው የሚቆመው። ይህ ግን ክብ ሠርቷል፤ ሁሉም አንገቱን ወደ መሐል አስግጓል። ከዳር አንዲት ሴትዮ «ወይኔ! ወይኔ!» ትላለች። ማኪናው ሳይቆም ወረድኩ። ከሰው እግር መሐል አንድ ነገር አየሁ፤ መቋሚያ፣ መሬት ላይ ተጋድሟል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሰዎች ግን እንደ ሕፃን እየጮህኩ ገባሁ ይላሉ።

ክቡን ሰብሬ ስገባ የመሪጌታን ድምፅ ሰማሁ።

«... ክንፉ ለመብረር አይደለም። አስተውሉ። እንዳይበር ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥምጥማቸው ራሳቸው ላይ ነው። ሄልሜቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። አጠገባቸው ሞተሩ ቆሟል፤ ትርሲት ተደግፋው ፈገግ ብላለች። ሴትዮዋ «ወይኔ» የምትለው በቅሎዋ ደንግጣ እንሥራ ሰብራባት ነው። እኔ ደግሞ እዚያው መሬት ላይ ተዘረፈጥኩ። እንባዬ መጣ፤ ሳቄም መጣ፤ የቱ እንደቀደመ አላወቅሁም። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን። እንዲያ ቀለል ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ማንም ግን ዞሮ አላየኝም። ሕዝቡ መሪጌታን ነው የሚሰማው።

አንድ ገበሬ ሞተሩን በዓይኑ መዝኖ «አባ፣ ስንት ኩንታል ትጭናለች?» አላቸው።

«አንድ መሪጌታ።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

«ታዲያ ምኗ ላይ ነው ሸጋነቷ?»

«ታሸንፋለች» አሉ መሪጌታ።

«ማንን?»

«እኅቶቿን። በዓለም ላይ ያሉትን ሁሉ። ዋንጫ አላት።»

ገበሬው እንደ ገና አያት፤ አሁን በአክብሮት። ዋንጫ ያለው ነገር ጭነት ባይጭንም ግድ የለም።

እንደምንም ተነሥቼ «መሪጌታ፣ ምነው እዚህ ቆማችሁ? መምህር ቀጸላ እኮ...» ስል፣ እጃቸውን አነሡ።

«ደርሰን፣ ታርቀን፣ መመለሳችን ነው።»

እኔ በየኩርባው ስገድላቸው እነሱ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የቆሙት የገበያው ከብትና በግ መንገዱን ሞልቶት ነው። ትርሲት እንደነገረችኝ እንዲህ ያለው ሞተር የተሠራው ነፋስ እያበረደው ለመሮጥ ነው፤ ከአህያ ኋላ በእግር ፍጥነት ሲንፏቀቅ ይግላል፤ ሙቀቱም የሚወጣው በተሳፋሪው እግር በኩል ነው። የመሪጌታ ባት ሊጠበስ ሲል «ልጄ፣ እዚህ ታች ገሃነም አለ» አሉና ወረዱ። አያችሁ፣ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ነገር ማን እንዳሸነፈው? የወገራ በግ።

ዕርቁን የነገረችኝ ትርሲት ናት፤ መሪጌታ እየሰሙ ነበር፤ አላስተባበሉም።

በር ላይ ሲደርሱ መሪጌታ ከሞተሩ ወርደው ጥምጥማቸውን ከፌስታሉ ሊያወጡ ሲሉ ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ሰምቶ ወጥቷል። በሰው ፊት ራስ መግለጥ ሆነ። ስለዚህ ሄልሜቱን እንደደፉ፣ መቋሚያቸውን እንደያዙ፣ ቀጥ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። መምህር ቀጸላ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነበር። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ዞሩ። በጨለማው ቤት በር ላይ አንድ ረዥም ነገር ቆሟል፤ ራሱ ጥቁር፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፤ ፊት የለውም፤ እጁ በትር ይዟል።

መምህር ቀጸላ ከአልጋቸው ቀና ብለው ተቀመጡ። ለቀናት ሰው ደግፏቸው እንኳ ያልተነሡ ሰው!

«አልተዘጋጀሁም!» አሉ በታላቅ ድምፅ። «ሰው እየጠበቅሁ ነው! ከልሳነወርቅ ጋር ሳልታረቅ አልሄድም! ንገርልኝ ለላከህ!»

«እኔ ነኝ ቀጸላ» አለ ጥቁሩ ራስ። «ልሳነወርቅ ነኝ።»

መምህር ጥቁሩን ራስ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምነው ሞትክ እንዴ?» አሉ መምህር።

«አልሞትኩም። በሞተር መጣሁ።»

ከዚያ በሳቅና በሳል መሐል የሆነ ነገር ከመምህር ደረት ወጣ፤ ሚስታቸው «ሄደብኝ!» ብለው ሲሮጡ፣ አልሄዱም፤ እየሳቁ ነበር። መሪጌታ ቤት ውስጥ፣ በጓደኛቸው ፊት፣ ሄልሜቱን አወለቁ። ራሳቸውን ገለጡ። ትርሲት ፊቷን አዞረች። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ መሪጌታ። «በሕዝብ ፊት አዋርጄሃለሁ።» መምህር ያን የተገለጠ ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። «ይቅር ብያለሁ። አንተም ይቅር በለኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ በጸሎቴ ስምህን ሳልጠራ የኖርኩ ነኝ።» የንስሐ አባታቸው አለቀሱ። መምህር ግን አጥሚት ጠየቁ። በነጋታው ቆረቡ፤ ጤና ጣቢያው የሰጣቸው መድኃኒትም ሥራውን ሠራ፤ መቁረባቸውን ከሰማሁ በኋላ ቀጥዬ የሰማሁት ግቢያቸው ውስጥ ሲመላለሱ መታየታቸውን ነው። ለሞት የተዘጋጀ ሰው እንዲህ ነው፤ ሸክሙ ሲወርድለት መሄዱን ይረሳዋል።

መመለሻው ላይ መሪጌታን «በማኪናው ከእኔ ጋር ይምጡ፤ ጋቢና ቦታ አለ» ብዬ ለመንኳቸው። «አንተ ጆንያውን ይዘህ ተከተል» አሉኝና ሄልሜታቸውን ይዘው ከአንድ አጥር ጀርባ ዞሩ።

ትርሲት ኋላ አንድ ነገር ነገረችኝ። ሲሄዱ አባቷን ፈርታ በጣም በቀስታ ነበር የነዳችው። ከቆሶዬ በላይ መንገዱ ሜዳ ሲሆን ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ፈሩ ብላ ልታቆም ስትል ጆሮዋ ጋ ጎንበስ ብለው «ይህ ሁሉ ፈረስ ተኝቶ ነው እንዴ የሚሄደው?» አሏት። ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ፣ ነዳጅ ሰጠችው። መንገዱ ወደ ኋላ ፈሰሰ። ከዚያ በጀርባዋ በኩል፣ ከአባቷ ደረት፣ አንድ ንዝረት ተሰማት። ሞተሩ መስሏት ነበር። መሪጌታ እያዜሙ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች ታቅፈዋት ያዜሙላት እንደነበር ጠየቀችኝ። እኔም «አዎ» አልኳት። እህቴ ትነግረኝ ነበር።

ከተማው መቼም ዝም አይልም። በሳምንቱ ከደብሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሰው እንዲሰማላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መሪጌታ፣ ለእርስዎ ማዕረግ በእንዲያ ያለ ነገር መታየት ይገባል?» አሏቸው።

«ኤልያስ በምን ሄደ?» አሉ መሪጌታ።

«በእሳት ሠረገላ።»

«የልጄ ከዚያ ይሻላል። መልሳ ታመጣለች።»

ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸው የለም። ልጅቱም ከአባቷ ቤት ደጃፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በምርቃት ወደ አዲስ አበባ ተነሣች። እኔ ያን ቀን እስክትደውል እህል አልቀመስኩም። አመሻሹ ላይ ደወለች፤ ደህና ገብታለች። ለመሪጌታ ልነግራቸው ወደ ቤታቸው ብሄድ ዳዊታቸውን አጥፈው በር ላይ ተቀምጠዋል። «ገባች» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ያን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ የኔም ወንድም ነው።

አሁን እሑድ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥተው ጸበል ጸዲቅ ቀምሰው፣ መሪጌታ እኔ ቤት ጎራ ይላሉ። መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ይጠይቃሉ። ቀጥለው ስለ ዝናቡ ያነሣሉ። ከዚያ ወደ ስልኬ እያዩ፣ ነገሩ ድንገት ትዝ እንዳላቸው ሰው፣ «ለመሆኑ፣ ዛሬ እንዴት ሆነች?» ይላሉ። በዓለም ሻምፒዮናው የምትወዳደረውን የሞተሯን እኅት ማለታቸው ነው።

ባለፈው እሑድ ለትርሲት ደውዬ ጠየቅሁላቸው። «ሦስተኛ ወጣች አሉ» አልኳቸው።

መሪጌታ ጺማቸውን እያፍተለተሉ ብዙ አሰቡ።

«ከብት ገጥሟት ይሆናል» አሉ።